ከመሬት ሆድ የወጣ ታኮ

ድንጋዩን መጀመሪያ ያየሁት አትክልት ተራ፣ የድንች መኪና ጎማ ሥር ተወሽቆ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ በጂኦሎጂ ተመርቄ ከወጣሁ ዓመት ከአራት ወር ሆኖኝ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ አሥር ዓመት ሊሞላ ነው፤ ተመራቂውን ሁሉ መንግሥት ራሱ የሚመድብበት ጊዜ አልፎ እያንዳንዱ ለራሱ ይሯሯጣል። እኔም ተሯሯጥኩ። የሥራ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ሁሉ አንገቴን አንጋጥጬ ቆሜአለሁ። አንዱ የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ሌላው "የመስክ ሥራ ስለሆነ ወንድ ቢሆን ይመረጣል" ይላል። ሦስተኛው ጋ ስደርስ ቦታው ተይዟል። በመጨረሻ ማመልከቻ መጻፉ ራሱ አስጠላኝና አባቴ ሱቅ ገባሁ።

አባቴ ከተክለ ሃይማኖት ወደ አትክልት ተራ በሚወስደው መንገድ ላይ ጆንያና ገመድ ይሸጣል። በልጅነቱ ከእንጅባራ አካባቢ መጥቶ፣ በተሸካሚነት ጀምሮ፣ ሱቅ እስከ መክፈት የደረሰ ሰው ነው። ልጄ ተመረቀች ብሎ በግ አርዶ የሠፈሩን ሰው ጠርቶ ነበር። ያ ሁሉ ሰው አሁን ሱቅ ሲመጣ ጆንያ ሳጥፍ ያገኘኛል።

"ምን ነበር የተማርሽው?" ይሉኛል።

"ስለ መሬት። ስለ ድንጋይ።"

"እንግዲያ ወርቅ የት እንዳለ ታውቂያለሽ?"

አላውቅም ስላቸው ፊታቸው ላይ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። ንቀት አይደለም፤ ያዝኑልኛል። ቢንቁኝ ይሻለኝ ነበር።

የዚያን ቀን ጠዋት አንድ የድንች ነጋዴ ያዘዘውን ጆንያ ላደርስ ሄድኩ። አዳሩን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ከጎመን ቅጠልና ከተረገጠ ቲማቲም ጋር ተለውሶ ያንሸራትታል። ነጋዴው እስኪመጣ በአንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ጥግ ቆምኩ። መኪናው ቁልቁል ስለቆመ ከኋላ ጎማው ፊት ድንጋይ ተደርጎለታል፤ ሾፌሮች ታኮ የሚሉት ማለት ነው። የሰው ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው። አንዱ ጎኑ ተፈንክቷል፤ በተፈነከተው በኩል ውስጡ አረንጓዴ ነው።

ቁጢጥ ብዬ ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠረግሁለት። ጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ ቡጢ የሚያህል ሌላ ድንጋይ ተቀብሯል፤ እንደ ስኳር ቅንጣት ቅንጣት የሆነ፣ የቢራ ጠርሙስ ስባሪ የሚመስል አረንጓዴ። እንዲህ ያለ ድንጋይ በአራት ዓመት ትምህርት አንዴ ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም ቁልፉ የጠፋበት የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሆኖ። መምህሩ ከመስታወቱ ውጭ በጣታቸው እያሳዩ ነበር ያስተማሩን።

"ምን ጠፋብሽ፣ የኔ ልጅ?"

ቀና ስል የመኪናው ሾፌር ናቸው። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ያደረጉ ሰው።

"ጋሼ፣ ይህን ድንጋይ ከየት አመጡት?"

"የቱን? ታኮውን?" ሳቅ አሉ። "እንጅባራ ልትደርሺ ስትይ፣ ለአዲሱ መንገድ ድንጋይ የሚፈጩበት ቦታ አለ። ከዚያ ነው ያነሳሁት።"

"ይሰጡኛል?"

"አልሰጥሽም። ስንት ታኮ ቀይሬ ነው እሱን ያገኘሁት። ሌላ ድንጋይ ጎማው ሲገፋው ይንሸራተታል፤ እሱ ግን ከመጠኑ በላይ ከባድ ነው፤ ንቅንቅ አይልም። አባይ በረሃን አብሮኝ ስንት ጊዜ ወርዷል መሰለሽ።"

ከመጠኑ በላይ ከባድ መሆኑን ሰውየው በእጃቸው መዝነው አውቀዋል። እኔ ከመጽሐፍ ያወቅሁት ነው። ከመሬት ወለል አጠገብ ያለ ድንጋይ ቀለል ይላል፤ ከታች የመጣው ይከብዳል።

እንጨት ወደሚሸጥበት ሄጄ ባለ መጋዙን ለምኜ የባሕር ዛፍ ግንድ በሰያፍ አስቆረጥኩና ሁለት ታኮ ይዤላቸው ተመለስኩ። በእግራቸው ገፋ ገፋ አድርገው ፈተኗቸው። "እንጨት ዝናብ ሲነካው ይንሸራተታል" እያሉ ቢያጉረመርሙም ድንጋዩን አንስተው ሰጡኝ። በባዶ ጆንያ አድርጌ በጀርባዬ አዘልኩት። ሱቅ እስክደርስ ሁለት ተሸካሚ "እህቴ፣ ላግዝሽ" ብለውኛል፤ አልሰጠኋቸውም።

አባቴ ድንጋዩን ሲያይ መጀመሪያ የጠየቀኝ ጆንያውን ለነጋዴው ማድረሴን ነው። ረስቼዋለሁ። ጭቃ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። ተመልሼ ሄጄ አንስቼ አድርሼ ስመለስ እየተቆጣም ቢሆን ለማዳመጥ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

"እሺ፣ ምንድን ነው ይሄ?"

የምችለውን ያህል ቀለል አድርጌ ነገርኩት። ሰው እስከ ዛሬ የቆፈረው በጣም ጥልቁ ጉድጓድ አሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከመርካቶ ቃሊቲ ደርሶ እንደ መቆም። የመሬት መሃል ግን ከስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። እኛ የምንኖረው ቅርፊቱ ላይ ነው። ከቅርፊቱ ሥር ማንትል የሚባለው ክፍል አለ፤ የመሬት አብዛኛው አካል እሱ ነው፤ ሄዶ ያየው ሰው ግን የለም። የመሬት መንቀጥቀጥ ሞገድ ሲያልፍበት እንዴት እንደሚፈጥንና እንደሚዘገይ ይለካል። ከዚያ ሌላ ያለን ምስክር እንዲህ ያለ ድንጋይ ነው። እሳተ ገሞራ ከታች ሲነሳ በመንገዱ ያገኘውን የማንትል ቁራጭ ቦጭቆ፣ ውጦ ያመጣዋል። ጥቁሩ ቀልጦ ወጥቶ የረጋው ቅላጭ ነው፤ አረንጓዴው እንግዳው ነው።

"ከምን ያህል ያመጣዋል?"

"ከዚህ ደብረ ዘይት ድረስ አስብ፤ ግን ቁልቁል። ምናልባትም ይበልጣል።"

"ታች እሳት ነው ይባላል እኮ።"

"እሳት አይደለም፣ አባባ። ድንጋይ ነው፤ ጠጣር። በጣም ስለጋለ ግን በዝግታ ይፈሳል፤ ጥፍር በሚያድግበት ልክ። ቀለሙም አረንጓዴ ነው። እግራችን ሥር ያለው መሬት ከቅርፊቱ በታች አረንጓዴ ነው።"

ድንጋዩን አገላብጦ አየው። የገባው መስሎኝ ልቤ ሞቅ አለ።

"አረንጓዴ ከሆነ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ዋጋ ይኖረዋል ማለት ነው?"

ድንጋዩ ከስንት ጥልቀት እንደመጣ በግምት መናገር አልበቃኝም። ማወቅ ፈለግሁ፤ የሚታወቅበት መንገድ ደግሞ አለ። በአረንጓዴው መሃል ጥቋቁር ደቃቅ ቅንጣቶች ጣል ጣል ብለዋል። ስፒኔል የሚባለው ማዕድን ከሆኑ ድንጋዩ የመጣው ከማንትል የላይኛው ክፍል ነው። በእነሱ ፋንታ ቀይ ጋርኔት ቢገኝ ከሰባና ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በታች ነበር ማለት ነው፤ ምክንያቱም ግፊቱ ሲበረታ አንዱ ማዕድን ፈርሶ ሌላው ይሠራል። ማዕድናቱ የነበሩበትን ግፊትና ሙቀት ይዘው ይወጣሉ፤ የሚያነብ ካለ። ለማንበብ ግን ድንጋዩ በመጋዝ ተቆርጦ፣ መስታወት ላይ ተለጥፎ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ መሳሳት አለበት። ከዚያ በኋላ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ከተማው ውስጥ ይህን የሚሠራ አንድ ቤተ ሙከራ አውቅ ነበር። በነጋታው ሄድኩ። ጽሕፈት ቤት ያለችው ሴት ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

"ከየትም። የራሴ ናሙና ነው።"

"ደብዳቤ ያስፈልጋል።"

"የማን ደብዳቤ?"

"የመሥሪያ ቤትሽ።"

"መሥሪያ ቤት የለኝም።"

"እንግዲያ መሥሪያ ቤት ስታገኚ ነያ።"

በሳምንቱ ኃላፊውን ላነጋግር ተመለስኩ፤ ስብሰባ ናቸው አሉኝ። ከዚያ በኋላ መስክ ወጡ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ አገኘኋቸው፤ ከደብዳቤው በፊት ሌላ ችግር እንዳለ ነገሩኝ። የመጋዙ ምላጭ አልቋል። ከውጭ የሚገዛ ስለሆነ የግዢ ጥያቄ ቀርቦ መልስ እየተጠበቀ ነው። ከመቼ ጀምሮ እንደሚጠበቅ ስጠይቅ ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩና፣ "ከእኔ በፊት ከነበሩት ኃላፊ ጊዜ ጀምሮ" አሉኝ። በትሕትና ነው የሚያናግሩኝ። የሚያናድደኝም እሱ ነበር፤ የምጮህበት ሰው አጣሁ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሰማያዊ ካፖርት የለበሱ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ቴክኒሻን አስቆሙኝ።

"ሲናገሩሽ ሰማሁ። ምን ዓይነት ድንጋይ ነው?"

ነገርኳቸው። ዓይናቸው ሲለወጥ አየሁ።

"ግማሽ ምላጭ አለችኝ፤ ደብቄ ያስቀመጥኳት" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን ያለ ደብዳቤ መዝገብ ላይ ማስገባት አልችልም። የማንም ይሁን፤ ማህተም ይኑረው ብቻ።"

ማታ ቤት ገብቼ ይህን ስናገር አባቴ እራቱን እየበላ ሰማኝ። በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ ወረቀት አውጥቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ በዚያ በጥንቃቄ በሚጽፈው እጁ "ጉዳዩ፦ ድንጋይ ስለ ማስቆረጥ" ብሎ ጀመረ። የመደብሩ ባልደረባ የሆነችው ባለሙያ ያቀረበችውን ድንጋይ በሕጉ መሠረት እንዲቆርጡላት ይጠይቃል። ከሥሩ የጆንያና የገመድ መደብሩን ክብ ማህተም ሁለት ቦታ አሳረፈበት። አንዱ ይበቃል ስለው፣ "አንዱ ከደበዘዘ ሌላው አለ" አለ።

ልስቅም ላለቅስም ቃጣኝ።

ቴክኒሻኑ ደብዳቤውን ሁለቴ አነበቡት። ጆንያ የሚለው ላይ ሲደርሱ ከንፈራቸው ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መዝገባቸው ላይ ቁጥር ሰጥተው፣ "ሐሙስ ጠዋት ድንጋዩን ይዘሽ ነይ፤ እንዲያው እንዳለ፣ ማንም ሳይነካው" አሉኝ።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር። ከታክሲ ወርጄ ተክለ ሃይማኖትን ሳልፍ እንደ ልጅነቴ ልሮጥ ምንም አልቀረኝም።

ሱቁ ጓሮ ስደርስ ሦስት ሰው ቆሟል። አንዱ አባቴ ነው፤ እጁ ላይ መዶሻ አለ። ሁለተኛው ከጎናችን ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው፤ ከስልጤ መጥተው እዚያ ሰፈር ሠላሳ ዓመት የነገዱ፣ ሁላችንም የምናከብራቸው ሽማግሌ። ሦስተኛውን አላውቀውም፤ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ጎልማሳ ነው። ድንጋዬ መሬት ላይ ተበታትኗል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አረንጓዴዎቹን እየለቀመ ማስቲካ መጠቅለያ ውስጥ ይከታል።

"መጣሽ?" አለ አባቴ። ደስ ብሎታል። ግንባሩ አልቦታል። "ሐጂ ናቸው ያመጡልን። ከፒያሳ ነው፤ የከበረ ድንጋይ የሚያውቅ ሰው ነው። ኤመራልድ ሊሆን ይችላል ብሏል። ከውስጡ ወጥቶ መታየት አለበት አለኝ።"

የተናገርኩትን አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም በጣም በዝግታ ነው የተናገርኩት።

"ኤመራልድ አይደለም። ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ነው። የመጀመሪያ ቀን ነግሬህ ነበር።"

"ይሁና። እሱም ቢሆን ይሸጣል ይላል።"

"ጥርት ብሎ ትልቅ ሲሆን ነው የሚሸጠው። ይሄ የተሰነጣጠቀ ነው፤ የጤፍና የስንዴ ቅንጣት ነው የሚያህለው። አባባ፣ እኔ የምፈልገው ሳይፈርስ ነበር። የትኛው ማዕድን ከየትኛው ጋር ተያይዞ እንደተቀመጠ ማየት ነበር የፈለግሁት። እሱን እኮ ነው የሰበርከው።"

ባለ ጃኬቱ ሰውዬ ቀና ብሎ፣ "እህት፣ ድንጋይ ተሰበረ ተብሎ ይለቀሳል እንዴ?" አለ።

አላለቀስኩም ነበር። እሱ ሲለው ጀመረኝ።

ሐጂ ሰውየውን በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ይዘውት ወጡ። አባቴና እኔ ቀረን። መዶሻውን የት እንደሚያስቀምጥ ጠፍቶት ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

"ዓመት ከምናምን እዚህ ጆንያ ስታጥፊ እኔ የማላይ መሰለሽ?" አለ። "ሰዉ ሲጠይቅሽ ፊትሽን የማላይ መሰለሽ? ከድንጋዩ አንድ ነገር ከወጣ፣ የተማረችው ትምህርት ለዚህ ነው ብዬ አፋቸውን ላስይዝልሽ ነው። ለራሴ አይደለም።"

መናደድ ነበረብኝ፤ ተናድጃለሁም። ግን ንዴቴ የሚያርፍበት ቦታ አልነበረውም። በኃላፊው ላይ እንዳልጮህኩ ሁሉ በእሱም ላይ አልጮህኩም። ወንፊት አምጥቼ መሬት ላይ ተንበረከክሁ። ጓሮው ሁልጊዜ የጆንያ ብናኝና የድንች አፈር አለበት፤ ከዚያ መሃል ጥቁሩን ከጥቁር፣ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ እየለየሁ ስለቅም ዋልኩ። አባቴ ትንሽ ቆሞ ካየኝ በኋላ ሱሪውን ሰብስቦ አጠገቤ ተንበረከከ። አብረን ለቀምን። አንዳንዴ የጠርሙስ ስባሪ ያነሳና፣ "ይሄስ?" ይለኛል። አይደለም እለዋለሁ። ይጥለዋል።

በመጨረሻ የአውራ ጣት የሚያህል አንድ ጤነኛ ቁራጭ አገኘን። አረንጓዴው፣ ጥቋቁሩ ቅንጣትና በአንድ ጎኑ ትንሽ ቅላጭ አብረው የተያዙበት።

ሐሙስ ቴክኒሻኑ ቁራጩን መዳፋቸው ላይ አድርገው አገላበጡት። ከዚያ አባቴ ማህተም የመታበትን ደብዳቤ እንደገና አውጥተው አዩት፤ ከዚህ ያነሰ ናሙና ተመዝግቦ እንደማያውቅ ገባኝ። በግማሽ ምላጫቸው ቆረጡልኝ። ማሳሻው ማሽን ስለማይሠራ ዱቄት አሸዋና ውሃ መስታወት ላይ አድርገው፣ በጣት ተጭኖ እያሽከረከሩ ማሳሳትን አሳዩኝ። "ሲሳሳ ብርሃኑን ያሳልፋል። ካበዛሽው ደግሞ ተፍቆ ያልቃል። ሁለተኛ የለሽም" አሉኝ።

ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ጣቶቼ ጫፋቸው ተልጦ ደም ቋጠረ። አንድ ጊዜ መብራት ጠፋ፤ መስኮት ጋ ሄጄ ቀጠልኩ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቴክኒሻኑ መስታወቷን ተቀብለው ማይክሮስኮፑ ሥር አደረጓትና ራሳቸው ሳያዩ ለእኔ ለቀቁልኝ።

በተራ ብርሃን ምንም የማይመስለው ድንጋይ ሁለቱ የብርሃን ማጣሪያዎች ሲገጠሙለት ሮዝ፣ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ ሆነ። ጥቋቁሮቹ ቅንጣቶች ቀጭን ጠርዛቸው ላይ ቡናማ ሆነው አበሩ፤ ስፒኔል ናቸው። ጋርኔት የለም። ስለዚህ ድንጋዩ ከሰባ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ባነሰ ጥልቀት፣ ከቅርፊቱ ሥር ካለው ክፍል ነው የመጣው። ትልልቆቹ የኦሊቪን ቅንጣቶች በመሃላቸው ተጣጥፈው ሳይሰበሩ የተገፉ ናቸው። ጠጣሩ ድንጋይ ይፈሳል ብዬ ለአባቴ የነገርኩት ነገር ይኸው በዓይኔ ፊት ተጣጥፎ ተቀምጧል። በአንድ ጥግ ደግሞ ያልጠበቅሁት ቡናማ ማዕድን አገኘሁ፤ በአካሉ ውስጥ ውሃ የሚይዝ ዓይነት። ከአባቴ አገር ሥር፣ አሥር የአባይ ሸለቆ ተደራርቦ በማይደርስበት ጥልቀት፣ አንድ ጊዜ ውሃ አልፏል ማለት ነው።

"አየሽ?" አሉ ቴክኒሻኑ።

"አየሁ።"

"እስቲ" ብለው ተቀመጡ። ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን አላነሱም።

ያየሁትን በሦስት ገጽ ጽፌ ለኃላፊው ሰጠሁ። ተቀብለው አመሰገኑኝ። የአንዲት ቁራጭ ውጤት ብቻውን ምንም ሊባልበት እንደማይችል፣ ቢያንስ ከቦታው በሥርዓት የተሰበሰበ አሥር ያህል ናሙና እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ትክክል ናቸው። ለዚያ የመስክ ተሽከርካሪ ይሰጡኝ እንደሆነ ጠየቅኋቸው። ያለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እንደማይቻል ሲነግሩኝ አብሬአቸው ነበር ያልኩት።

ይህን ለአባቴ ስነግረው፣ "ሾፌሩ ድንጋይ የሚፈጩበት ቦታ ነው ያሉሽ?" አለኝ።

"አዎ።"

"እኔ አገሩን አውቀዋለሁ።"

በሚቀጥለው ሳምንት ሱቁን ዘግቶ ከእኔ ጋር በዚያው ኤንትሬ፣ ከዚያው ሾፌር ጎን ተቀመጠ። ሱቁን በአዘቦት ቀን ሲዘጋ አይቼው አላውቅም። መንገዱን ሁሉ ከሾፌሩ ጋር ስለ ድንች አወሩ። አባይ በረሃን ስንወርድ ግን ወደ ሸለቆው ግድግዳ በአገጩ እያሳየ፣ "ይሄስ ከላይ ነው ከታች?" አለኝ። የላይኛው ቅላጭ፣ የታችኛው የባሕር ደለል መሆኑን ነገርኩት። እዚህ ባሕር ነበር ስለው ሾፌሩ መኪናውን አቀዘቀዙ።

ድንጋይ የሚፈጭበት ቦታ ስንደርስ ማሽኑ ቆሟል። ኮረብታው ግማሹ ተበልቶ ቀይና ጥቁር ሆድ ዕቃው ይታያል። አረንጓዴ ያለበት ድንጋይ የት እንዳለ የቦታውን ፎርማን ጠየቅሁት።

"እሱ እኮ ለመንገድ አይሆንም" አለኝ። "ሲመታ ይፈረፈራል። እየለየን ነው የምንጥለው።"

"የት?"

በእጁ አሳየኝ። ከኮረብታው ሥር ገደል ነበር፤ አሁን ገደል አይደለም። ከሁለት ሳምንት በፊት የተጣለውን ሁሉ በግሬደር ገፍተው፣ አፈር አልብሰው፣ ለመኪና ማቆሚያ ደልድለውታል። ላዩ ላይ ቢጫ ሮለር ቆሟል።

"ከሥሩ ስንት ያህል አለ?" አልኩት።

"ኧረ ስፍር ቁጥር የለውም" አለኝ ፎርማኑ። "ኮረብታው እኮ ሞልቶት ነበር።"

ልቆፍር ብዬ አካፋ ለመንኩት። ፈቃድ የለሽም አለኝ። አባቴ አገሬው በሚናገረው ቋንቋ ያናግረው ጀመር፤ ሰውየው ግን ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ አልገባውም። ግማሽ ቀን ከቆምን በኋላ ከመንገዱ ዳር፣ ከጥርጊያው ያመለጡ አራት ድንጋዮች አገኘን። አንዱን አባቴ ነው ያገኘው። አሥር ነበር የሚያስፈልገኝ።

ከዚያ ወዲያ ስለሆነው ብዙ የሚነገር የለም። አራቱ አልበቁም። የሦስት ገጽ ጽሑፌ ያለበትን መሳቢያ የሚያውቅ ኃላፊ ተቀየረ፤ ቴክኒሻኑ ጡረታ ወጡ። ሐጂ አንድ ቀን የማስቲካ መጠቅለያውን መልሰውልኝ፣ "ሰውየው ምንም አይወጣውም ብሎ ጣለው። ጥፋቱ የኔ ነው ልጄ፣ አፉ በይኝ" አሉኝ። አፉ አልኳቸው፤ ከልቤም ነበር።

በዓመቱ ውሃ ጉድጓድ የሚቆፍር ድርጅት ቀጠረኝ። እስከ ዛሬም የምሠራው እዚያው መስክ ላይ ነው። መቶ ሜትር፣ ሁለት መቶ ሜትር፣ በጣም ከጠለቀ ሦስት መቶ። ውሃ ሲወጣ የሰፈሩ ሰው እልል ይላል፤ እኔም ደስ ይለኛል፤ ደስታው እውነተኛ ነው። ግን መሰርሰሪያው ጥቁሩን ድንጋይ ሲያገኝና ፍርፋሪው እየታጠበ ሲወጣ፣ አረንጓዴ እንዳለበት ላይ እፍኝ አንስቼ ፀሐይ ላይ እበትነዋለሁ። የቁፋሮው ኃላፊ ከሩቅ ይጠራኛል።

"ምን አገኘሽ?"

"ምንም።"

"እንግዲያ ጻፊና እንቀጥል።"

እጽፋለሁ። ጥቁር ባዛልት፣ ጠንካራ፣ ውሃ የለውም። እንቀጥላለን።